አራት ጣት በእትዬ እናትነሽ ክንድ ላይ

ከፋሲካ በኋላ በዋለው በሁለተኛው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እትዬ እናትነሽ የገዛ ደጃቸው ላይ ደም በደም ሆነው ተገኙ። ያገኘቻቸው የአጥር ጎረቤታቸው ዙሌይካ ናት። ወንፊት ልትዋስ ገብታ፣ ወንፊቱን ረስታ፣ "ያ ጀማአ! ድረሱ!" እያለች ወጣች። ጩኸቷ ሐይቅ ከተማን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰ። ጣቢያችን ከዚያ ሩቅ ስላልሆነ እኔና ኮንስታብል ስህን በእግራችን ደረስን።

ሴትዮዋ ከበሩ ደረጃ ሥር በጎናቸው ወድቀዋል። ግንባራቸው አብጧል፤ ከአፍንጫቸው የሚወርደው ደም አልቆም ብሏል። ይተነፍሳሉ፤ ስንጠራቸው ግን የሚመልሱልን ማቃሰት ብቻ ነበር። አምቡላንሱ እስኪመጣ ስህን የደም ሥራቸውን ልትዳስስ እጅጌያቸውን ሰብሰብ ስታደርግ ድንገት ቀጥ አለች።

"ኢንስፔክተር፣ ይሄን ይዩት።"

ግራ ክንዳቸው ላይ አራት ጣት ተደርድሮ ታትሟል፤ ጠቁሯል። አውራ ጣቱም በወዲያኛው በኩል አለ። እግራቸውን ገለጥ ብናደርግ እሱም በልዟል፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ወደ ቢጫ የሄደ።

"ይሄ የአንድ ቀን ዱላ አይደለም" አልኩ።

"ከምራታቸው ከፋና በቀር እዚህ ቤት ማን አለ?" አለች ዙሌይካ በሻሿ ጫፍ እንባዋን እየጠረገች። "ልጃቸው አስረስ ሾፌር ነው፣ የጅቡቲ መንገድ ላይ ነው የሚውል። ወላሂ ልቤ ጠርጥሮ ነበር። እሁድ ለት ስትጮህባቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። 'ዛሬ ሳይውጡት አልለቅዎትም!' ስትል።"

በዚያች ደቂቃ ነገሩ አልቆልኝ ነበር። ኢስሃቅ የሃያ ሁለት ዓመት ፖሊስ ነው፣ ኢስሃቅ ያየውን ያውቃል እያልኩ ራሴን አመሰገንኩ። ያን የዚያን ዕለቱን ኢስሃቅ ዛሬ ባገኘው ጆሮውን ጠምዝዤ ቁጭ አደርገው ነበር። ይህን የምጽፈውም ጀብዱዬን ላወራ አይደለም። ምስጋና አለብኝ፤ ምስጋናዬ ደግሞ ስህተቴን ካልተናገርኩ አይገባም።

አምቡላንሱ ወደ ደሴ ከወሰዳቸው በኋላ ግቢውን ዞርኩት። ወደ ሐይቁ በሚወርደው በኩል የጎመን መደብ አለ። አንድ ጊዜ እስከ ግንዱ ተቀንጥቦ ያለቀ ጎመን ነው፤ አሁን ግን በየግንዱ ላይ አዲስ ቅጠል ሰፍቶ፣ ማንም ሳይነካው ተንዘርፍፏል። የዙሌይካ ፍየል በአጥሩ ቀዳዳ አንገቷን አስገብታ ያለ ከልካይ ትግጣለች። ያየሁትን ሁሉ መጻፍ ልማዴ ስለሆነ ደብተሬ ላይ "ጎመን፣ ፍየል" ብዬ ጻፍኩ። ስህን አይታኝ ከንፈሯን ነከሰች። ሳቋን ነው የያዘችው።

ፋና ከወፍጮ ቤት መጣች። የሰባት ወር ልጇን አዝላ፣ ዱቄቱን ተሸክማ። ሰው ተሰብስቦ ስታይ ዱቄቱ ከትከሻዋ ወርዶ ተበተነ።

"እማዬ ምን ሆኑ?"

"አንቺ ንገሪኝ" አልኳት። "ክንዳቸውን የያዘው የማን እጅ ነው?"

"የኔ ነው።"

ክዳ ትሟገተኛለች ብዬ ስጠብቅ ስለነበር ትንሽ ደነገጥኩ።

"ጠዋት ከደረጃው ሊወርዱ ሲሉ እግራቸው ከዳቸው። ሳይወድቁ አፈፍ አድርጌ ያዝኳቸው። አልጋቸው ላይ አጋድሜያቸው ነው የሄድኩት ጋሼ፤ 'ደህና ነኝ፣ ዱቄቱን አምጪ' ሲሉኝ።"

"በዚያ ብቻ እንዲህ ይበልዛል?"

"እኔስ ምን አውቄ! ሰሞኑን ሲነኳቸው ይበልዛሉ።"

"እሁድ 'ሳይውጡት አልለቅዎትም' ያልሽውስ?"

"ክኒናቸውን ነዋ! የልብ ክኒን አላቸው። የልባቸው ምት ይዛባል ብለው ደሴ ሰጥተዋቸዋል። ሲሰለቻቸው 'ዛሬ ይለፈኝ' ይላሉ።"

አፏ ደህና ይመልሳል። ስህን ግን ጓዳውን ስትፈትሽ ከመደርደሪያው ሥር የአይጥ መርዝ ፓኬት አገኘች። ተከፍቷል፤ ግማሹ የለም።

"ይሄስ?"

"ለአይጥ ነው የገዛሁት። አይጥ አስቸግሮን።" ድምፅዋ እየሰለለ ሄደ። "ግማሹን..." ብላ ወደ አጥሩ አየችና ዝም አለች።

ዝምታዋን የጥፋተኛ ዝምታ ብዬ ያዝኩት። ከነልጇ ወደ ጣቢያ ወሰድናት። ሕጉ አርባ ስምንት ሰዓት ይሰጠኛል፤ ሐሙስ ጠዋት ፍርድ ቤት ላቀርባት ነው። በሩ ሲዘጋ ሕፃኑ አለቀሰ። እኔም ልቤ ክፉ ነገር ሠራ፤ ሁለቴ ዘለል ብሎ ቆም ያለ መሰለኝ። ሰው ማሰር ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል ብዬ ተውኩት።

ደሴ ድንገተኛ ክፍል ያገኘኋት ሐኪም ዶክተር ሂዳያ ትባላለች። የቦሩ ሜዳ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ትንሽ ተቆጪ።

"ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም አልፈሰሰም፣ አልሃምዱሊላህ" አለችኝ። "ብዙ ደም ስለፈሰሳቸው ደክመው ነው የወደቁት። ግን ደማቸው አይረጋም። ይኸው ነው ችግሩ።"

"በመርዝ?"

"ቆይ እንጂ።" የእትዬ እናትነሽን እጅ አንስታ ጣቶቼን አንጓቸው ላይ አስቀመጠችልኝ። "ምን ይሰማሃል?"

አዳመጥኩ። አንድ መታ። ሁለቴ ተከታትሎ መታ። ጠፋ። ደግሞ ሦስቴ ተንጋግቶ መጣ። መቼ እንደሚመጣ መገመት አይቻልም።

"ልብ ከላይ ሁለት ክፍል አለው" አለች። "የእሳቸው የላይኞቹ በወጉ መምታቱን ትተው ይንቀጠቀጣሉ። ስለዚህ ደሙ በደንብ አይገፋም፤ እዚያው ተኝቶ ይረጋል። የረጋው ቁራጭ ተነስቶ ወደ አንጎል ከሄደ ግማሽ ጎን ይዞ የሚሄደው ስትሮክ ይመጣል። እሱን ለመከላከል ነው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ክኒን የሚሰጣቸው፤ ዋርፋሪን ይባላል። ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ደም ይፈሳል። በየጊዜው ደማቸው ይለካል፤ ልኬቱ ከሁለት እስከ ሦስት መሆን አለበት።"

"አሁን ስንት ነው?"

"ዘጠኝ።"

"የአይጥ መርዝ እንዲህ ያደርጋል?"

"አንዳንዱ ያደርጋል፤ የዚሁ ክኒን ዘመድ ነው። ክኒኑ በዝቶም ሊሆን ይችላል። ሌላ መድኃኒት ወይ የባህል ቅጠል ተጨምሮበትም፣ ወይ አመጋገባቸው ተለውጦም ሊሆን ይችላል። አንድ የተለወጠ ነገር አለ ኢንስፔክተር። እሱን ፈልግልኝ። ካላወቅነው ዛሬ ብናተርፋቸው በወሩ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ያኔ ደግሞ ጭንቅላታቸው ውስጥ ከፈሰሰ አላተርፋቸውም።" ቀና ብላ አየችኝ። "ለማነጻጸር የራስህን አንጓ ያዝ እስቲ፤ ደህና ምት ምን እንደሚመስል..."

ስልኬ ጮኸ። ልጃቸው አስረስ ነበር፤ ከመኪናው ሆኖ ያለቅሳል።

"እናቴን ነክታ ከሆነ ያቺን ሴት ቤቴ አላገኛትም" አለኝ። "እሷ እውነት እጇን አንስታ ከሆነ ንገረኝ፣ ልጄን ወስጄ..."

"በእናትህ ቤት ሰሞኑን የተለወጠ ነገር ነበር?" አልኩት።

"ምን ይለወጣል? ምንም።"

ፋናንም ስመለስ ጠየቅኳት። ልጇን እያጠባች ነበር። "ምንም አልተለወጠም ጋሼ። ያው ቤት፣ ያው ክኒን፣ ያው እኔ" አለችኝ። ዙሌይካም "ምንም" አለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተማክሮ የመጣ ይመስል አንድ መልስ ነበረው።

ማታውን አንድ ነገር ብቻ ሠራን፤ ስህንና እኔ የክኒኑን ብልቃጥና የክትትል ካርዱን ጠረጴዛ ላይ አወጣን። ካርዱ ላይ ሁሉም ተጽፏል። ጥር ሃያ ስምንት ቀን ልኬቱ ሁለት ነጥብ አራት ነው፤ በቀን አንድ ክኒን። መጋቢት ስድስት ቀን ወደ አንድ ነጥብ ሦስት ወርዷል፤ ስለዚህ አንድ ተኩል ተደረገ። መጋቢት ሃያ አሁንም ከሁለት በታች ስለሆነ ሁለት ክኒን። በየመስመሩ "የአመጋገብ ለውጥ" ከሚለው አጠገብ "የለም፣ የለም፣ የለም" ተብሏል። ቀጣዩ ቀጠሮ ስቅለት ላይ ውሎ ነበርና በበዓሉ ምክንያት ወደ ሚያዝያ መጨረሻ ተዛውሯል።

"መጋቢት ሃያ ዘጠና ፍሬ ወስደዋል" አለች ስህን። "እስከ ትናንት ማታ ሠላሳ አንድ ቀን ነው። በቀን ሁለት ከሆነ ስልሳ ሁለት አለቀ። ሃያ ስምንት መቅረት አለበት።"

ቆጠረች። ሃያ ስምንት። ደግማ ቆጠረች። ሃያ ስምንት።

"አልበዛም፣ አላነሰም" አልኩ። "እንዲያውም ልጅቷ አንድም ቀን አላሳለፈችም። እንግዲያው መርዙ ነው።"

ስህን ክኒኖቹን አንድ በአንድ ወደ ብልቃጡ መለሰች። እንዲህ ስትዘገይ ያልተስማማችበት ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ውጫሌ ሄድኩ። እዚያ ሽታው የሚባል የእትዬ እናትነሽ የሟች ባላቸው ወንድም አለ። በአምባሰል ባለው የእርሻ ድንበር ሲጨቃጨቁ ዓመታቸው ነው፤ ፋሲካ ማግስትም ሐይቅ ድረስ መጥቶ ግቢያቸው ውስጥ ጮሆ ሄዷል አሉ። አንድ ተጠርጣሪ ብቻ ይዞ ፍርድ ቤት መግባት ለእኔ አይመቸኝም።

ባጃጁ ጥሎኝ የቀረውን በእግሬ ወጣሁት። ከዳገቱ አጋማሽ ላይ ደረቴ ውስጥ እግሯን የታሰረች ዶሮ የተንፈራገጠች መሰለኝ። ትንፋሼ አጠረ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ትምባሆ እንኳን የማላጨስ ሰው፣ ምን ሆኜ ነው ብዬ ራሴን ተቆጣሁ። ዕድሜ ነው አልኩና ተነሳሁ።

ሽታው የልጁን ሠርግ ደግሶ ገና ዳሱን አላፈረሰም።

"ማክሰኞ ጠዋት? የመልሱን በሬ ያረድኩት እኔ!" አለኝ። "ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ እኩለ ቀን ከዚህ ዳስ ወጥቼ አላውቅም። ይኸው ቪዲዮ።" ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። እውነትም እሱ ነው። ማሲንቆው በአምባሰል ቅኝት ሲያንጎራጉር፣ ካራውን እንደያዘ እንባው ዱብ ዱብ ይላል። "እናትነሽን እንዴት አባቴ እመታታለሁ? ድንበሩን ዘንድሮ እንጣላበታለን፣ ለከርሞ እንታረቅበታለን። እንዴት ሆነች? ትተርፋለች?"

"ኢንሻአላህ።"

"በል ሳትቀምስ አትሄዳትም። የእስላሙ ዳስ በዚያ በኩል ነው፣ ያረደልንም ሐጂ እዚያው አለ። ብላ፣ ፊትህ አመድ መስሏል።"

በላሁ። ጥብሱ፣ ቅቅሉ፣ ወጡ፤ ሁለቱም ዳስ ውስጥ ሥጋ ብቻ ነው። ይህንን አየሁት፤ ነገር ግን ምንም አላልኩ። ሰው ያየውን ሁሉ አያስተውልም።

ከሰዓት በኋላ ሐይቅ ስደርስ ስህን ከመናኸሪያው ጠበቀችኝ። ጠዋቱን በሙሉ የከተማውን መድኃኒት ቤቶች ስትዞር ውላለች።

"ቅዳሜ ለት ፋና ለድድ መድማት መድኃኒት ስትጠይቅ ነበር" አለችኝ። "'አማቴ ጥርሳቸውን ሲፍቁ ደሙ አልቆም ይላል' ብላ። ባለሙያው ክትትላቸው ጋ ውሰጃቸው ብሏታል። እሳቸው ደግሞ 'ለድድ ብሎ ደሴ ማን ይሄዳል፤ ቀጠሮዬም ቀርቧል' ብለዋት ተዉት። ኢንስፔክተር፣ መርዝ የሰጠ ሰው የመርዙን ማርከሻ በየሱቁ ይፈልጋል?"

መንገድ ላይ ቆምኩ። ሕፃኑ ያለቀሰው ትዝ አለኝ። ሐሙስ ጠዋት እየመጣ ነው፤ እኔ ደግሞ ያችን ልጅ በአራት ጣትና በግማሽ ፓኬት ልጥላት ነው።

"ወደ ዙሌይካ እንሂድ" አልኩ። "ፋና 'ግማሹን' ብላ ወደ አጥሩ አይታ ነበር።"

ዙሌይካ ቆጣ ቆጣ ብላ ተቀበለችን። የአይጥ መርዙን ስም ሳነሳ ግን ቁጣዋ ጠፋ፤ መጀመሪያ መሬቱን አየች፣ ቀጥሎ ጣሪያዋን።

"እኔ ጋ ነው" አለች። "ግማሹን ለኔ ሰጥታኛለች። እዚህ ሰፈር ማን ለብቻው ሙሉ ፓኬት ይገዛል? ከነማሸጊያው እዚያ ቋቱ ላይ አለ።"

"ለምን አልነገርሽንም!"

"ፈራሁ! ወላሂ ፈራሁ። መርዝ መርዝ ስትሉ እኔም የምታሰር መሰለኝ። ያረቢ! ያቺ ልጅ ደግሞ እኔን ላለማስያዝ ዝም አለች?" አፏን በሻሿ ሸፈነች። "እኔ በእሷ ላይ የቻልኩትን ሁሉ ስናገር!"

ስህን ተንጠራርታ መርዙን ከቋቱ ላይ አወረደች። ከፋና ጓዳ ካገኘነው ግማሽ ጋር ሲደመር አንድ ሙሉ ፓኬት ነው፤ አይጥ ከበላው በቀር የጎደለ የለም።

መርዙ ወደቀ። ክኒኑም ልክ ነው። ዱላ የለም። ዘጠኝ ግን ዘጠኝ ነው። ከዙሌይካ ግቢ ስንወጣ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። ፍየሏ ዛሬም አንገቷን አስገብታ የእትዬ እናትነሽን ጎመን ትግጣለች።

"ሂጂ!" ብዬ ጠጠር ወረወርኩባት። "የሰው ጎመን ስትጨርስ ዝም የሚላት የለም እንዴ?"

"ምን ያደርጉላታል?" አለች ስህን። "አሁን ማን ጎመን ይበላል? ጾም ተፈታ እኮ።"

ዞር ብዬ አየኋት።

"ምን አልሽ?"

"ጾም ተፈታ። ሃምሳ አምስት ቀን ጎመን ስንበላ ከርመን፣ እንኳን ልንበላው ልናየውም ያስጠላናል። እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳን የለ።"

ደብተሬን አወጣሁ። "ጎመን፣ ፍየል።" ቀጥሎ ካርዱን። ጥር ሃያ ስምንት፣ ጾሙ ሳይገባ፣ ልኬቱ ጥሩ። መጋቢት ስድስት፣ ጾሙ ውስጥ፣ ወረደ። መጋቢት ሃያ፣ አሁንም ጾም፣ አሁንም ታች። ክኒኑ እጥፍ ሆነ። ከዚያ ፋሲካ። ለዶክተር ሂዳያ ደወልኩ።

"ጎመን ከክኒኑ ጋር ጠብ አለው?"

"ምን ያህል ይበሉ ነበር?"

"በየቀኑ። መደቡ እስከ ግንዱ አልቋል። ፋሲካ ከሆነ ወዲህ ግን አንድ ቅጠል አልተቆረጠም።"

"ያ ረሱለላህ" አለች። "ና፣ እሳቸውም ነቅተዋል።"

እትዬ እናትነሽ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ነጭ ነው፤ ምላሳቸው ግን ደህና ነበር።

"አንተ ኢስሃቅ፣ ምራቴን አሰርክብኝ አሉ?"

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ክትትል ሲመጡ ነርሷ 'የአመጋገብ ለውጥ አለ ወይ' ትልዎታለች?"

"ሁልጊዜ።"

"ምን ይሏታል?"

"የለም እላታለሁ። ምን ለውጥ አለኝ?"

"ጾሙስ?"

በጣም አዘኑልኝ። "ጾም ለውጥ ነው እንዴ ልጄ? ጾም ጾም ነው። እናቴም ጾማለች፣ እኔም ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ጾሜያለሁ። በጾም ጎመን ይበላል፣ በፍስክ ሥጋ ይበላል። ይሄ ይነገራል?"

ዶክተር ሂዳያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ቁጣዋ የት እንደገባ አላውቅም፤ ድምፅዋ እንደ ልጃቸው ሆነ። "እማማ፣ ጎመን ውስጥ ደም እንዲረጋ የሚያግዝ ነገር አለ። ክኒኑ ደግሞ እንዳይረጋ ያደርጋል። ገመድ ጉተታ በሉት። በጾሙ ጎመኑ በርትቶ ጎተተ፤ እኛ ደግሞ ምክንያቱን ሳናውቅ በክኒኑ በኩል ሰው ጨመርን። ፋሲካ ሌሊት ጎመኑ ገመዱን ለቀቀው። ክኒኑ ብቻውን ጎተተና እርስዎን ጣለዎት።"

"እንግዲህ ማንም አልመታኝም" አሉ።

"ማንም። በዚያ ሰሞን ሕፃን ቢይዝዎትም ይበልዙ ነበር።"

"እሷማ ባትይዘኝ አንገቴ ይሰበር ነበር።" እንባቸው መጣ። "ቆይ ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ ሰነፍ፤ ሂጂ አልኳትና ጥላኝ ስትሄድ ውኃ ልቀዳ ብዬ ተነሳሁ። ኢስሃቅ፣ አሁን ተነስተህ ሄደህ አውጣልኝ።"

ተነሳሁ። ዶክተር ሂዳያ ግን በር ላይ ያዘችኝ። "ትናንት የጀመርነው አለ። እጅህን አምጣ።"

ጣቶቿን አንጓዬ ላይ አድርጋ ሰዓቷን አየች። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ። በሌላኛው እጄ የራሴን ያዝኩ። አንድ መታ። ሁለቴ ተከታትሎ መታ። ጠፋ። ደግሞ ሦስቴ ተንጋግቶ መጣ።

"ዳገት ስትወጣ ይርገበገብብሃል?" አለችኝ። "ትንፋሽ ያጥርሃል?"

"ዕድሜ መስሎኝ።"

"ዕድሜ አይደለም። ነገ ጠዋት ሳትዘገይ ና። የልብ ምርመራ እናደርግልሃለን።"

ከአልጋው በኩል እትዬ እናትነሽ በደከመ ድምፅ ሳቁ። "ማኅበራችን ገባህ በለኛ። አብሽር፣ እኔም አለሁ።"

በዚያው ምሽት ሳይጨልም የእስር ቤቱን በር ራሴ ከፈትኩት። ይቅርታ ለመጠየቅ መኪና ውስጥ ሳጠናው የመጣሁት ንግግር ነበር፤ ፋናን ሳያት አንዱም አልመጣልኝም።

"ተሳስቻለሁ" አልኳት። "አማትሽን ያተረፍሻቸው አንቺ ነሽ። እኔ ደግሞ የያዝሽበትን እጅ ማስረጃ አደረግሁብሽ።"

"እማዬ ዳኑ?"

"ድነዋል።"

"ተመስገን" አለችና ልጇን አቅፋ ምርር ብላ አለቀሰች። ዙሌይካ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር። እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ፋና ቀድማ ያዘቻት፤ ሁለቱም እየተላቀሱ ወደ ሰፈር ወረዱ። አስረስ በማግስቱ ደረሰ። እናቱ አልጋ አጠገብ ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሲወጣ ግን አንገቱን ደፍቶ የሚስቱን ቦርሳ ተሸክሞ ነበር።

የኔም ልብ እንደ እትዬ እናትነሽ ልብ የሚንቀጠቀጥ ሆኖ ተገኘ። የደም ግፊትም ነበረብኝ፣ ሳላውቀው። ዶክተር ሂዳያ "አንድ ዓመት እንዲሁ ብትሄድ በአንድ ጎንህ ሽባ ሆነህ ነበር የማይህ" ብላኛለች። አሁን ምቱን የሚያረጋጋ ክኒን አለኝ፣ የግፊትም አለኝ፣ ያው ዋርፋሪንም አለኝ። ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሄጄ ነገርኳት፤ የክኒኑን ሰዓት ከፊጥር፣ ከጾም መፍቻው ሰዓት ጋር አስተካከለችልኝ። ዳገት እወጣለሁ። ሱጁድ ላይ ግንባሬን መሬት ሳስነካ በፊት ያላመሰገንኩበትን ነገር አመሰግናለሁ፤ ለአንዲት በስህተት ለታሰረች ሴት፣ አጥር ለጣሰች ፍየል፣ አፏን ለማትከለክል ስህን። ስህንን ፊት ለፊትም ነግሬያታለሁ። "ፍየሏንም ይጎብኟት እንግዲህ" አለችኝ።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ሊገባ በዋዜማው ሳምንት፣ ደሴ ክትትል ክፍል በር ላይ እትዬ እናትነሽን አገኘኋቸው። ቀጠሮአችን አንድ ቀን ነው። ፋና አብራቸው አለች፤ ልጇ አሁን እግር አውጥቶ በየወንበሩ ሥር ይሮጣል። ደረጃውን ሲወጡ እግራቸው ተንሸራተተ። ፋና አፈፍ አድርጋ ግራ ክንዳቸውን ጭምቅ አድርጋ ያዘቻቸው፤ እኔም ደነገጥኩ።

ተራቸው ሲደርስ አብሬ ገባሁ። ነርሷ ካርዱን ከፈተች።

"የአመጋገብ ለውጥ አለ እማማ?"

"አለ!" አሉ እትዬ እናትነሽ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ። "ሰኞ ጾም ይገባል። ጻፊ። ጎመን በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ አንድ ጭልፋ። ከጾሙ በፊትም እንደዚያው፣ በጾሙም እንደዚያው፣ ፋሲካ ሲመጣም እንደዚያው። ቢያስጠላኝም እበላዋለሁ። የፋሲካ ሰሞን ደግሞ ደሜን ለኩኝ፤ በዓል ነው ብላችሁ እንዳታዛውሩት። ጻፍሽ?"

"ጻፍኩ እማማ።"

ደም እንዲቀዳ ግራ እጅጌያቸውን እስከ ትከሻ ጠቀለሉት። ፋና የያዘችበት ቦታ ይኸው ነው። ጎንበስ ብዬ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ እንደ ፖሊስ አየሁት።

"ምን ታያለህ አንተ?" አሉኝ።

"ምንም" አልኳቸው። "አልሃምዱሊላህ፣ ምንም የለም።"